አጥፊ

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሥራ ያዝኩ። ሥራዬ ማጥፋት ነበር።

ብቸና ውስጥ ባለችው ዳቦ ቤታችን፣ ከምድጃው ጀርባ፣ የዱቄት ጆንያ የሚደረደርባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ምናለ ከሞጣ ይመጡና እዚያች ክፍል ውስጥ ከእናቴ ጋር ተቀምጠው የዓመቱን በጀት ያያሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ የዳቦ ቤቱ ግማሽ የእሳቸው፣ ግማሽ የእናቴ ሆኗል። ለምን ጳጉሜን እንደመረጡ ጠይቄ እናቴ፣ «ኪራይም ደመወዝም የሌለባት ወር ናት፤ ሰው ትንሽ ተንፍሶ ያስብባታል» ብላኛለች።

እናቴ በእርሳስ ትጽፋለች። ጋሽ ምናለ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያወረዱ ይጠይቃሉ። ተነጋግረው «ይቅር» የተባባሉትን ወጪ የማጠፋው እኔ ነበርኩ። ለዚህ ሥራ የምገለገልበትን ላጲስ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ከሞጣ ያመጡልኝ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። እሳቸው ላጲስ አይሉትም፣ «ማጥፊያ» ነው የሚሉት።

«ቀዩ እርሳስ ያጠፋል። ሰማያዊው እስክሪብቶ ያጠፋል ይላሉ፣ ውሸት ነው። ወረቀቱን ይቀድዳል እንጂ አያጠፋም» አሉኝ ሲሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «አጥፊ» ይላሉ። አጠፋለሁ። ፍርፋሪውን እፍ እላለሁ። ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ለተማሪዎቻቸው ያደረ ዳቦ ሊወስዱ ጠዋት ጠዋት ወደ እኛ ብቅ ይሉ ነበር። አንድ ቀን፣ «አንቺ ደግሞ እዚህ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው?» ቢሉኝ ደረቴን ነፍቼ፣

«አጥፊ ነኝ» አልኳቸው።

መሪጌታ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡት።

«ገና በዘጠኝ ዓመትሽ? እንግዲያስ ዛሬውኑ የንስሐ አባት ፈልጊ» አሉና ለብቻቸው እየሳቁ፣ ቃሉን በአፋቸው እያገላበጡ ወጡ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባገኙኝ ቁጥር «አጥፊ፣ ዛሬስ ምን አጠፋሽ?» ይሉኛል፤ እኔም የጠፋውን እዘረዝርላቸዋለሁ።

ልነግራችሁ የፈለግኩት የ1999ን ጳጉሜ ነው። አዲሱ ሚሌኒየም ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶት ከተማው ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ወረቀት ተሰቅሎበት ነበር። ውጭ ይዘንባል። የክፍሏ ቆርቆሮ በዝናቡ ስለሚጮህ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚነጋገሩት።

«ስንዴ የት ሊደርስ እንደሆነ አላውቅም፣ አየሁሽ» አሉ ጋሽ ምናለ እናቴን በስሟ ጠርተው። እሳቸው ሞጣ ውስጥ እህል ይነግዳሉ፤ የዱቄቱን ዋጋ ከሁሉ በፊት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። «በዚህ አያያዝ እስከ ፋሲካ ይቺ ቤት ትዘጋለች። ወይ የዳቦው ዋጋ ይጨምር፣ ወይ ግራሙ ይቀነስ፣ ወይ ከዚህ ላይ የሚወጣ ይውጣ።»

«ዋጋ ብንጨምር ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ደንበኛውን ይወስደዋል። ግራሙን ብንቀንስ ሰው ይታዘበናል» አለች እናቴ።

«እንግዲያ እናውጣ።»

ማውጣት ጀመሩ። ለአዲሱ ዓመት ቀለም ሊቀባ የነበረው ግድግዳ ወጣ። አጠፋሁት። ለሁለተኛ የምድጃ ሠራተኛ የተያዘው ወጣ። አጠፋሁት። ለእኔ ጫማ የተጻፈውን ጋሼ ራሳቸው፣ «ይቺ ትቆይ፣ ሠራተኛችን ናት» ብለው አለፉት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደጋግሜ ለራሴ መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ በነፃ ዱቄት እየላኩ ይህን ቤት ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመች። «የማሽን ጥገና፣ ስምንት መቶ።»

እናቴ እጇን ደብተሩ ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ ይቺን አይንኩብኝ። ማጥፊያው አይሠራም።»

ይህን ስትል ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፤ ወይም ያየችኝ መሰለኝ። ፊቴ ጋለ። ማጥፊያዬ እንዴት አይሠራም! እስካሁን ሁለት መስመር አጥፍቶ የለም? ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ጎንበስ አልኩና በእናቴ ጣቶች መሃል ገብቼ «የማሽን ጥገና» የሚለውን በቀዩ በኩል አሸሁት፣ አሸሁት፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ።

«ይኸው ይሠራል!» አልኩ።

ጋሽ ምናለ መጀመሪያ የሳሳውን ወረቀት አዩ። ከዚያ ነገሩ ሲገባቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። እናቴም ሳቀች። የእሷን ሳቅ ከሰማሁ ሰንብቼ ነበርና እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«በቃ፣ ባለሥልጣኗ ወሰነች። ለፋሲካ እናየዋለን» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር እያወረዱ።

እናቴ የተናገረችው ስለ ሊጡ ማሽን ነበር። ያ ማሽን ማብሪያ ማጥፊያው ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር፤ ሥራ የሚያቆመው ሶኬቱ ሲነቀል ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩት በጣም ቆይቼ ነው። ያን ቀን ግን የማውቀው ሁለቱንም እንዳሳቅኳቸው ነበር፤ ደስታውም ለሳምንት ያህል ከውስጤ አልወጣም።

ሊጡን የሚያቦካውና ዳቦውን የሚጋግረው ታዘበው ይባላል። ረጅም፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ በዱቄት የነጣ ሰው ነው። ልጁ ብሩክታይት ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታዘበው ከተረፈው ሊጥ ለሁለታችን እርግብ ይሠራልናል፤ ክንፏን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ፣ ለዓይኗ ጥቁር አዝሙድ ሰክቶ። ከምድጃው ስትወጣ ትነፋና እርግብነቷ ቀርቶ ዶሮ ትሆናለች። እሱም፣ «ወፈረች እንጂ እርግብ ናት» እያለ ይከራከረናል።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በዚያን ጊዜ መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አልነበረም። እኔና ብሩክታይት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን እርግባችንን እንጠብቃለን። ብዙ ጠበቅን። ከማዶው ሱቅ ሬዲዮው ድንገት መዝፈን ሲጀምር ሁለታችንም እንደማንኛውም ልጅ ብድግ ብለን እየዘለልን፣ «መብራት መጣ! መብራት መጣ!» ብለን ጮህን። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጮኹ።

ከውስጥም ጩኸት ሰማን። ረጅም ነበር።

«አባዬም ጮኸ!» አለች ብሩክታይት እየሳቀች። እኔም ታዘበው እንደ እኛ ደስ ያለው መስሎኝ በደስታ አጨበጨብኩ።

ከዚያ እናቴ ወጣች። ነጠላዋ ሁለመናው ቀይ ነበር። እኛን ገፍታ ወደ ጎረቤት አስገባችንና በሩን ዘጋችው። ከመስኮቱ የታየኝ ሰዎች ሲሮጡ፣ ጋሪ ሲመጣ፣ ጋሪው ሲሄድ ብቻ ነው። ታዘበው ሊጡ እንዳይደርቅ ብሎ ከማሽኑ ውስጥ በእጁ እየፋቀ ሲያወጣ ነበር መብራቱ የመጣው። በየቀኑ ይነቅለው የነበረውን ሶኬት በዚያች ቀን ረስቶታል። ባሕር ዳር ወስደው ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት። ለእኔ የተነገረኝ «እጁን ማሽን ነካው» ተብሎ ነው፤ ከጳጉሜዋ መስመር ጋር ግን በፍጹም አላያያዝኩትም። የጠፋ ነገር ጠፋ ማለት ነው ብዬ ነበር የማምነው።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ጋሽ ምናለ በጀቱን ሊያስተካክሉ ከወትሮው ውጭ መጡ። ስንዴው በእርግጥም ጨምሯል። ያን ቀን በክፍሏ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

«ሽማግሌዎቹ የታዘበውን ጉዳይ ጨርሰዋል። ሺ አምስት መቶ ብር ተቀብሎ በግራ እጁ ፈርሟል። ሶኬቱን ሳይነቅል እጁን የከተተ እሱ ነው። ከዚህ በላይ ሰባራ ሳንቲም ከከፈልን ጥፋተኞቹ እኛ ነን ማለት ነው፣ አየሁሽ። ያን ጊዜ ቤቱም ይሸጣል» አሉ ጋሼ።

ጣታቸው «ታዘበው፣ ሦስት መቶ» የሚለው የደመወዝ መስመር ላይ ዐረፈች።

«አጥፊ።»

«ሲድንስ?» አልኩ።

«ሲድን እንጽፈዋለን።»

እንደገና ሲጻፍ እንዲያምር ብዬ በጣም በቀስታ አጠፋሁት።

እናቴ እርሳሱን አነሣች። እኔ ባጸዳሁት መስመር ላይ «ለሚካኤል፣ መቶ ሃምሳ» ብላ ጻፈች።

«ይሄሳ?» አሉ ጋሼ።

«ስለት ነው።»

«በዚህ ጊዜ? የምን ስለት?»

«እኔና እሱ የምናውቀው።»

ጋሽ ምናለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ስለትማ አይነካም» አሉና አለፉት።

ከዚያ ጀምሮ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በሚካኤል፣ እናቴ በወረቀት የተጠቀለለ ገንዘብ ትሰጠኝና ለመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ አደርሳለሁ። «ለሚካኤል በያቸው፣ ሌላ አትናገሪ» ትለኛለች። መሪጌታ ወረቀቱን ሳይፈቱ ከካባቸው ሥር ያስገቡታል። እኔ መንገዱን ሁሉ የማስበው መልአኩን ነበር። ክንፉን አጥፎ ቁጭ ብሎ መቶ ሃምሳውን የሚቆጥር፣ የእኛን ቤት ስም የሚጽፍ ይመስለኛል። የእሱ ጽሕፈት በእርሳስ ይሁን በእስክሪብቶ አንድ ጊዜ መሪጌታን ጠይቄያቸው፣ «የእሱስ አይጠፋም» ብለውኛል።

ገንዘቡ በዚያው ቀን ታዘበው ቤት ይገባ ነበር። መሪጌታ፣ «ከሚካኤል ነው» እያሉ ነው የሚሰጡት። ታዘበውም ደብሩ የሚረዳው ስለመሰለው ባለችው አንድ እጅ አማትቦ ይቀበላል። እናቴ ይህን ሁሉ ያዘጋጀችው አንድ ነገር ስለምታውቅ ነው። በታዘበው ስም የተጻፈ ወጪ ይጠፋል፤ በመልአክ ስም የተጻፈውን ግን ጋሽ ምናለ አይደፍሩትም።

ዐሥር ወር እንዲሁ አለፈ። በ2001 የኅዳር ሚካኤል ሲነግሥ ጋሽ ምናለ ለበዓሉ ከሞጣ መጡ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ዛፉ ሥር ሲሰበሰብ ለደብሩ የሰጡ ሰዎች ስም መነበብ ጀመረ። ጃንጥላ የሰጠ፣ ምንጣፍ የሰጠ፣ ሃያ ብር የሰጠ ሁሉ ተጠራ። ሕዝቡ በየስሙ እልል ይላል። እኔ የእናቴ ስም ሲጠራ ከሁሉ በላይ እልል ልል ምላሴን አዘጋጅቼ ቆምኩ። ዝርዝሩ አለቀ። አየሁሽ የሚል አልነበረም።

በጭንቅ ነው እስከ ቤት የደረስኩት። ምሳ ቀርቦ ጋሽ ምናለ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጡ፣ «የእኛን አልጠሩም!» አልኩ። «በየወሩ መቶ ሃምሳ እየሰጠን! እኔ ራሴ እያደረስኩ! ሃያ ብር የሰጠውን ጠርተው የእኛን አልጠሩም። በልተውብናል!»

እናቴ «ስርጉት» አለችኝ። ስሜን ብቻ። ድምፅዋ ግን የልመና ነበር። አልሰማኋትም።

«ለማን ነው የምታደርሽው?» አሉ ጋሼ።

«ለመሪጌታ።»

ጋሽ ምናለ ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ እኔን ውኃ እንዳመጣ ላከችኝ። ውኃው ቤት ውስጥ ነበር፤ እንድወጣ ብላ ነው። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ፤ የሰማሁት ግን ቁርጥራጭ ነው።

«…በመልአክ ስም?»

«…በስሙ ብጽፈው ያስጠፉት ነበር…»

«…እኮ ለማን?»

«ለታዘበው።»

ለታዘበው! ሰው ታዘበን፣ በበዓል ቀን ስማችን ሳይጠራ ቀርቶ የታዘበን አለ ማለቷ መሰለኝ። ንዴቴ ባሰ። ከዚያ ጋሽ ምናለ፣ «ስርጉት፣ ደብተሩንና ማጥፊያሽን አምጪ» ሲሉ ሰማሁ። ድል ያደረግኩ ያህል ሮጥኩ።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ጋሼ ደብተሩን ከፈቱ። ቀጥሎ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም። «በቅዱስ ስም ከሚዋሽ በስሙ መለመን ይሻል ነበር» አሉ።

«ብለምን ይሰጡኝ ነበር?» አለች እናቴ።

ጋሼ «ለሚካኤል» የሚለውን መስመር ፈለጉ። ጣታቸውን አሳረፉ።

«አጥፊ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ያጠፋሁት ነገር የለም። የበሉብንን ካህናት የምቀጣ መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ አሸሁት። ፍርፋሪውን እፍ ብዬ ቀና ስል የእናቴ ዓይን እኔ ላይ ነበር። የተቆጣችኝ መሰለኝ። አልተቆጣችም፤ ፈርታልኝ ነበር። ይህን ያወቅኩት እኔ ራሴ ለሌላ ሰው መፍራት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የገንዘቡን ሣጥን ቁልፍ ጋሽ ምናለ የቀጠሩት ሰው ያዘው። በዚያው ሰሞን የእናቴ የአንገት ወርቅ፣ አባቴ ያሠራላት፣ ከአንገቷ ታጣ። «የት አለ?» ብላት «ጠፋ» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጆንያዎቹ ሥር፣ ከአልጋ ሥር ፈለግኩላት። እሷም ስፈልግ እያየች ዝም አለች። ያ ወርቅ ለአምስት ወር «ሚካኤል» ሆኖ ታዘበው ቤት ገብቷል። ከዚያ አለቀ።

በግንቦት ብሩክታይት ከትምህርት ቤት ቀረች። መምህራችን ስሟን ለሦስት ቀን ጠሩ፣ በአራተኛው ቀን አልጠሩም። ሞጣ ዘመድ ጋ ሄደች ተባለ። ሞጣ ከብቸና ይበልጣል ብዬ ቀናሁባት። ዴስኩ ለብቻዬ ሆነልኝና እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

እናቴ ያለፈው ሰኔ ላይ ነው ያረፈችው። አልጋ ላይ በዋለችባቸው የመጨረሻ ሳምንታት፣ ዳቦ ቤቱን ከተረከብኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ዱቄት ዋጋ እያወራኋት አቋረጠችኝ።

«ስርጉት፣ ማጥፊያው አይሠራም ያልሁት ያንቺን አልነበረም።»

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ማሽኑን፣ ሶኬቱን፣ ወርቁን። ስትጨርስ እንዳላለቅስ ይመስላል እጄን ያዘችው።

«አንቺ ምን ታውቂ? ልጅ ነበርሽ። እኔ ነኝ የሳቅሁት። ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ ጋሼን እከራከራቸው ነበር። ስቄ ዝም አልሁ» አለች።

ከአርባዋ በኋላ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ በድምፄ ለዩኝ። «አጥፊ» አሉኝ። የዚህን ጊዜ አልሳቁም። ታዘበው በሁለት ሺ ዐሥራ አምስት እንደሞተ፣ ብሩክታይት በልጅነቷ ወደ ሞጣ የሄደችው ሰው ቤት ልትሠራ እንደነበር፣ አሁን እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት እንዳላት ነገሩኝ።

በጀቱን የምናየው አሁንም ጳጉሜ ላይ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የምሄደው እኔ መሆኔ ነው። ጋሽ ምናለ ሰማንያ ሊደፍኑ ነውና ከሞጣ አይወጡም። ዘንድሮ ጳጉሜ ሁለት ቀን ደብተሬን ይዤ በጠዋት ሞጣ ደረስኩና አስቀድሜ ወደ መናኸሪያው ዞርኩ።

ብሩክታይት ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቅንድቧ የአባቷ ነው። ሳልነግራት አወቀችኝ፤ «የእትዬ አየሁሽ ልጅ» አለችና እጇን አደራርቃ ሳመችኝ፤ ለእናቴም ነፍስ ይማር አለች። ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ድረስ እናቴ የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ጆሮዋን ሰጥታኝ፣ ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ እያጠበች ሰማችኝ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ በየሚካኤሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ‹ምን አጠፋሁ?› ይል ነበር» አለች ስጨርስ። «መልአኩ የሚሰጠውን የከለከለው አንድ ነገር አጥፍቶ መስሎት። ሱባኤ ይገባል፣ ይጾማል። ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ሞተ።»

«እሱ አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ብርጭቆውን ደፍታ ሌላ አነሣች። «ልጅ ነበርኩ» አልኩ።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች ብሩክታይት።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ደንበኛ ገብቶ ሻይ አዘዘ፤ ቀዳችለት፣ ሂሳቡን ተቀበለችው፣ ተመልሳ መጣች። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተንቀሳቀስኩም። በዐሥር ዓመቷ ሰው ቤት ገብታ የሰው ልጅ አዝላ ያሳደገች ልጅ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር።

ደብተሩን ከፈትኩላት። ማታውን በእርሳስ የጻፍኩትን መስመር አሳየኋት፤ «ለሚካኤል፣ ሁለት ሺ። በየወሩ።» ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«አልቀበልም አልልሽም» አለች። «ልጄ አርሴማ ዘንድሮ ትምህርት ትጀምራለች። ግን መልአኩን ተይው። አባቴ ስም አለው።»

ከመደርደሪያዋ እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠችኝ። መስመሩን አጠፋሁና በላዩ «ለታዘበው ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩንም በእስክሪብቶ ደገምኩት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ምናለ በረንዳቸው ላይ ወፍራም መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ድሮው ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያወረዱ ደብተሩን ያዩ ጀመር። ዱቄት። እርሾ። እንጨት። መብራት። የሠራተኛ። ጣታቸው ቆመች። ከንፈራቸው ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄ በሽማግሌ አልቆ የለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ሳያዩኝ፣ «አጥፊ።»

«አይጠፋም፣ ጋሼ። በእስክሪብቶ ነው።»

«በሰማያዊው በኩልስ?»

«ወረቀቱን ይቀድዳል ብለውኛል እኮ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከመነጽሩ ጀርባ ዓይናቸው ውኃ ቋጥሯል፤ እርጅና ይሁን ሌላ አላውቅም። ጣታቸው ከስሙ ላይ ሳትነሣ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ፣ «ቀጥይ፣ እኔ ከዚህ በታች ያለው አይታየኝም» አሉ።

የሚቀጥለው መስመር የማሽን ጥገና ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።